በበረዶ ላይ ገፍቼዎት ለማያውቁኝ አበልጄ

ለክቡር አቶ ግዛው ዘርዓብሩክ
የ«አብሮነት» መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር
ፌርፋክስ ጎዳና፣ ሎስ አንጀለስ

መጋቢት 2009 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ትውውቃችንን ስለ ማስታወስ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ ሥራዎ፣ እንዲሁም በየስብሰባው ማይክሮፎን የማያስፈልገው ያ ግርማ ሞገሳም ድምፅዎ በደህና እንዲቆዩልን በዚህ በጾም ወቅት ከልብ እመኛለሁ። እኔ የእርስዎን ጤንነት ከመናፈቅ በስተቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ማን እንደሆንኩ ስለማያውቁኝ በትሕትና ራሴን ላስተዋውቅ። እንዳሻው ዘለቀ እባላለሁ። ሚራክል ማይል፣ የእርስዎ ቢሮ ባለበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ ጠዋት ጠዋት የመኪናዎን ቁልፍ በሁለት ጣት የሚያቀብሉት፣ መኪናዎንም ፓርክ የሚያደርግልዎት ሽበታም ሰውዬ እኔ ነኝ።

ባለፈው ጥር ልጄ ፍሬአብ ልጅዎን ሠናይትን እንዲለምኑለት ጋሼ ግርማን ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ቤትዎ ልኮ ነበር። እርስዎም ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀምጠው፣ በክብር ካጠጡና ካበሉ በኋላ፣ የልጁን አባት እንደማያውቁት፣ ቢያውቁትም ቁልፍ ሲቀበልዎት ብቻ እንደሆነ፣ ሥሩን ለማያውቁት ቤት ደግሞ ልጅ እንደማይሰጡ ነግረው ሸኝተዋቸዋል። ይህ መልስዎ በሳምንቱ ፌርፋክስን ከላይ እስከ ታች አዳርሶ ሚድ ሲቲ እኛ አፓርታማ ድረስ ስለ መጣ፣ እኔም መልሴን በአደባባይ ማድረጌን ክቡርነትዎ እንደ ድፍረት እንደማይቆጥሩብኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እርስዎ አጀንዳ በቁጥር ካልቀረበ እንደማይወዱ ስለማውቅ ቅሬታዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1ኛ፣ አያውቁኝም ስለተባለው ጉዳይ።

ክቡርነትዎ ብዙ የሕዝብ ሥራ ስላለብዎት ቢረሱ አይፈረድብዎትም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1989 የስዊድን መንግሥት ከሱዳን ተቀብሎን፣ እኔን ከባለቤቴ ከባንቺአየሁ ጋር፣ እርስዎን ብቻዎን፣ አገሩ ሊያልቅ ትንሽ የሚቀረው ሰሜን ጫፍ ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ላከን። ግድግዳ ለግድግዳ ተጎራበትን። ሁለታችንም የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ገባን። ሥራው ከቤታችን አራት ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚነሣው እኛ ሺፍት ከገባን በኋላ ነበር። ያን ጊዜ ጎረቤታችን የነበሩት ባልቴት የሟች ባላቸውን ስፓርክ ሰጡን።

ስፓርክ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ ለእርስዎማ ምኑን አስረዳለሁ! ሁለት ረጃጅም ቀጫጭን ብረቶች በበረዶው ላይ ይንሸራተታሉ፤ በላያቸው ከፊት አንዲት የእንጨት ወንበር አለች፤ ከወንበሯ ጀርባ መጨበጫ አለ። አንዱ ይቀመጣል፤ ሌላው ከኋላ አንድ እግሩን ብረቱ ላይ አቁሞ በሌላው እግሩ በረዶውን እየረገጠ ይገፋል። አገሬው በዚህ ነው ሥራ የሚሄደው፣ ገበያ የሚወጣው፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው። እኛ «በቅሎ» ነበር የምንላት። ስሙን ያወጡት እርስዎ ነዎት።

ሦስት ሙሉ የበረዶ ወቅት በዚያች በቅሎ አብረን ሥራ ሄድን፣ አብረን ተመለስን። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት እንነሣለን፤ ጨለማ ነው፤ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ይገባል፤ ጢምዎ ላይ ትንፋሽዎ በረዶ ይሠራል። ግማሹን መንገድ እኔ፣ ግማሹን እርስዎ እንድንገፋ፣ ድልድዩ ላይም እንድንቀያየር ውል ነበረን። ውሉ መልካም ነበር፤ ግን ከድልድዩ በኋላ ያለው ዳገት ላይ ሁልጊዜ ጉልበትዎን ያምዎት ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ በፈጣሪ ቸርነት ይሻልዎትና መጨበጫውን ይቀበሉኝ ነበር። የሰባ ዓመት አሮጊቶች ዘንቢላቸውን ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ ደህና አደራችሁ እያሉ፣ እንደ ነፋስ ያልፉን ነበር። አንድ ቀን እልህ ይዞዎት አንዲቱን አሮጊት ልቅደም ብለው ሲገፉ፣ ከተማው መንገዱ ላይ ጠጠር በትኖ ኖሮ፣ ብረቱ ጠጠሩን እንደነካ በቅሎዋ ቀጥ አለች። እኔ ከወንበሩ ተወርውሬ ጉድጓድ ገባሁ፤ እርስዎ እላዬ ላይ ወደቁ። አሮጊቷ ተመልሰው እያነሡን ስንስቅ እንባችን ጉንጫችን ላይ በረዶ ሆነ። እኔ እስከዛሬ ስስቅበት አለሁ። እርስዎ ማን ላይ እንደወደቁ ረስተው ከሆነ፣ እኔ ነበርኩ።

2ኛ፣ ይህ ቅሬታ አይደለም፤ ዕዳ ስለሆነ ነው የጻፍኩት።

በሁለተኛው ዓመት ሳንባ ምች ይዞኝ አሥራ ሁለት ቀን ተኛሁ። እርስዎ ከሥራዬ እንዳልባረር የእኔንም ሺፍት ደርበው ሠሩ። ከሥራ ሲወጡ ደግሞ ባዶዋን ወንበር እየገፉ መጥተው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ጤና ጣቢያ ወስደው ያመጡኝ ነበር። ያን ሰሞን ዳገቱ ላይ አንድ ቀን እንኳን ጉልበትዎን አላመመዎትም። ባንቺአየሁ ከእናት ልጅ አይለይም ትል ነበር። አዎ፣ አይለዩም ነበር። ይህንን የምጽፈው ሰው ሁሉ እንዲያውቅልዎት ነው፤ ምክንያቱም እርስዎ ራስዎ ለማንም አልተናገሩትም፤ እኔም ባለውለታዬ እንዲህ ይሆናሉ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። አንጀቴን የሚያሳርረው እሱ ነው።

3ኛ፣ ስለ ክርስትናው።

ፍሬአብ በፈረንጆቹ 1991 ጥር ወር እዚያው ተወለደ። አርባ ቀኑ ሲደርስ ቄስ ከስቶክሆልም አንድ ቀንና ሌሊት በባቡር ተጉዘው መጡ። ከባቡር ጣቢያው ተውሰን እስከያዝነው ቤተ ክርስቲያን ሦስት ኪሎ ሜትር ነበርና፣ እርስዎ ካህን በእግሩ አይሄድም ብለው ቄሱን በበቅሎዋ ላይ አስቀመጡ። ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በአንድ እጃቸው ጃንጥላ ይዘው፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ አቡነ ዘበሰማያትን ሦስት ጊዜ ደገሙ። እኔ ከኋላ ባንቺአየሁንና ሕፃኑን ከባልቴቷ በተዋስኩት በራሳቸው ስፓርክ እገፋ ነበር። ስዊድኖቹ መንገድ ዳር ቆመው ባርኔጣቸውን አነሡ።

ክርስትና ያነሡት እርስዎ ነዎት። ሕፃኑን ከውኃው ተቀብለው በነጭ ነጠላ የጠቀለሉት እርስዎ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን «አበልጄ» ያሉኝ እርስዎ። ሁላችንም እንደምናውቀው የክርስትና አባት ልጆችና የክርስትና ልጅ እኅትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። ይህንን ሕግ እኔ አላወጣሁትም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ልጅዎን ለልጄ ስለከለከሉ አንዲት ቃል አልናገርም። መከልከል ነበረብዎት። እኔም እከለክል ነበር።

4ኛ፣ ስለ ዝምታዬ።

ከሕዝቡ መካከል አንድ አስተዋይ ሰው ተነሥቶ፣ ይህ ከሆነ ልጆቹ ሳይዋደዱ በፊት ለምን አልተናገርክም ቢለኝ እውነቱን ነው፤ ጥፋተኛ ነኝ። እርስዎ ቀድመውን አሜሪካ መጡ። እኔ በፈረንጆቹ 1999 ቤተሰቤን ይዤ ሎስ አንጀለስ ስገባ ፌርፋክስ ላይ ተገናኘን። ተቃቅፈን አለቀስን። እንባችን ሳይደርቅ ወደ ጎን ወስደውኝ፣ ለባለቤትዎ ቤተሰቦች እነዚያን ዓመታት አውሮፓ ለከፍተኛ ትምህርት እንደነበሩ እንደነገሯቸው ገለጹልኝና፣ ስለ ልብስ ማጠቢያውና ስለ በቅሎዋ ከአፌ አንዲት ቃል እንዳትወጣ በመድኃኔ ዓለም ለመኑኝ። አበልጅ ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል? ሆድ ይፍጀው አልኩ። ባንቺአየሁ ተቃወመችኝ፤ ልጅ የክርስትና አባቱን ማወቅ አለበት ብላ ስንት ቀን አኮረፈችኝ። እኔ ግን ለፍሬአብ፣ የክርስትና አባትህ እዚያው ስዊድን ቀረ ብዬ ዋሸሁት። ስምዎን እንኳን አልነገርኩትም። የገዛ ልጄን ለእርስዎ ክብር ዋሸሁት። ከዚያ ወዲህ በየማኅበሩ መጽሔት ላይ የሕይወት ታሪክዎን ባነበብኩ ቁጥር፣ ያን «ከፍተኛ ትምህርት» የሚሉትን አንሶላ በስንት ዲግሪ እንደምንቀቅለው ትዝ እያለኝ ዝም ብያለሁ። ለዝምታዬም እኔ ዘንድ ቁልፍ ሲያስረክቡ «ታንክዩ» ይሉኝ ስለነበር፣ ምስጋናዎ ደርሶኛል።

5ኛ፣ ዋናው ይህ ነው።

ፍሬአብ የሚወዳት ልጅ የማን ልጅ እንደሆነች የነገረኝ፣ «ሽማግሌ ልልክ ነው» ባለበት ሳምንት ነው። በስመ አብ! ሁለት ዓመት ሙሉ «አንዲት ልጅ አለች» ሲለኝ ሥራው ቦታ ያወቃት መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ሺፍቴን አስለውጬ ቢሮዎ ወጣሁ። በዚያ ሕንፃ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራ አሳንሰሩን ወደ ላይ የተሳፈርኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በሩን ዘግተው ሰሙኝ። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹን ሁለታችን አስቀምጠን እንንገራቸው፣ ይዘኑ፣ ያልቅሱ፣ ግን እውነቱን ይወቁ አልኩዎት። እርስዎ ትከሻዬን ይዘው፣ ይህማ በሽማግሌ ፊት ነው የሚያምረው፣ ሽማግሌዎቹ ይምጡ፣ አበልጅ ነን፣ ልጁንም ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ ብዬ በክብር እመልሳቸዋለሁ፣ አንተ ብቻ እስከዚያ አፍህን ያዝ አሉኝ። አዎ፣ «አንተ» ነበር ያሉኝ፤ እንደ ድሮው። ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ማታ ለባንቺአየሁ፣ አየሽ፣ ግዛው ያው ግዛው ነው አልኳት።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እርስዎም ዓይንዎን በጨው አጥበው «አላውቀውም» አሉ።

ጌታዬ፣ ስለዚህ ነገር ብዙ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፤ እዚህ ስደርስ ግን አልሆነልኝም። በጣም አዝኛለሁ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ ሲባል እሰማ ነበር፤ እኛ የተበላበትን ወጪት አብረን ያጠብን ሰዎች ነን። ልጅዎን መከልከያ እውነተኛ ምክንያት፣ ማንም የማይነቅፈው፣ ሃይማኖት ያዘዘው ምክንያት በእጅዎ እያለ፣ ያችን አንድ ቃል ላለማውጣት እኔን ሥር የሌለው ሰው አደረጉኝ። አንሶላ ማጠብ ይህን ያህል ያሳፍራል? እኔ ከዚያ ወዲህ የሰው መኪና ሳቆም ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን አላፈርኩም። ያፈርኩት ጋሼ ግርማ ሊነግሩኝ መጥተው ዓይኔን ማየት ሲያቅታቸው ነው።

6ኛ፣ ስለ ልጄ።

ፍሬአብ በነርስነት ተመርቆ ሥራ ይዟል። ሽማግሌዎቹ ከቤትዎ በተመለሱበት ምሽት እውነቱን ሁሉ ነገርኩት። አላመነኝም። ክቡርነትዎ፣ ይህንን ቆም ብለው ያንብቡልኝ፤ ልጄ አላመነኝም። እሳቸው በሦስት ሽማግሌ ፊት አላውቀውም ብለዋል፣ አንተ ደግሞ የክርስትና አባትህ ስዊድን ቀረ ስትለኝ ኖረህ ዛሬ እሳቸው ናቸው ትለኛለህ፤ ስለናቁህ ውርደትህን ለመሸፈን ነው ይህን ያመጣኸው አለኝ። ኦኬ አባ፣ ይብቃ አለና ልብሱን ይዞ ጋርዴና ከተማ ጓደኛው ዘንድ ገባ። ስልክ ሲደወልለት ለእናቱ ይመልሳል፤ ለእኔ አይመልስም። ዛሬ ሁለት ወሩ ነው። ልጄ በአባቱ ሥራ ምክንያት የተከለከለ ይመስለዋል፤ አባቱም ውሸታም ይመስለዋል።

ማስረጃ አለኝ ብዬ የክርስትናውን ወረቀት አውጥቼ አሳይቼው ነበር። ወረቀቱን የጻፉት ቄስ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንደ አባቶች ልማድ የሁላችንንም የጻፉት በስመ ክርስትና ብቻ ነው። «የክርስትና አባት፦ ወልደ ገብርኤል» ይላል። ግዛው የሚል የለበትም። እኛም ያን ጊዜ አንድ ሰው፣ ኧረ የዓለም ስሙንም ይጻፉበት ብሎ አልተናገረም፤ ማን ይክዳል ብለን! ፍሬአብ አገላብጦ አየውና ወልደ ገብርኤል ማን ነው አለኝ። እናቱ ብትመሰክርልኝም፣ አዝናልህ ነው አለ። ስመ ክርስትናዎን ንስሐ አባትዎ እንደሚያውቁ አውቃለሁ፤ የንስሐ አባት ግን አይጠየቅም። ሌላ የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ ያለ አልመሰለኝም።

እንግዲህ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ልጅዎን አልፈልግም። ይቅርታም ቢዘገይ ግድ የለኝም። በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሰው በተሰበሰበበት፣ ስመ ክርስትናዬ ወልደ ገብርኤል ነው፣ ፍሬአብን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ፣ ልጄን የከለከልኩት ስለዚህ ነው ይበሉ። ልጄ አባቱን እንዲያምን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ መቼም እኛ በነበርንበት አገር ንጋት እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ድረስ አይጠራም ነበርና፣ በእኔ በኩል በቂ ጠብቄያለሁ።

በመጨረሻም ለሕዝባችን አንድነት ለሚያደርጉት ያልተቋረጠ ጥረት፣ «እንተዋወቅ፣ እንደጋገፍ» በሚል ርእስ ባለፈው ወር ላደረጉት ልብ የሚነካ ንግግር፣ እንዲሁም መኪናዎን ሁልጊዜ አጥበው ስለሚያመጡልኝ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ከዕድሜዎ ጋር ትዝታዎም እንዲረዝም እመኛለሁ።

ከምድር ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ እጅ ነሥቼ፣
ሥሩ የማይታወቀው፣
እንዳሻው ዘለቀ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ለማተሚያ ቤት ልሰጥ ስል፣ ትናንት ከሰዓት ሠናይት ብቻዋን ፓርኪንጉ ድረስ መጣች። ጋሼ፣ ፍሬአብ «አባቴ ዋሸ» የሚለው፣ እውነት ዋሽተው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የክርስትናውን ወረቀት ሰጠኋት። አንብባ ስሙ ላይ ጣቷን አኖረች። ለካ በየዓመቱ ለጸሎት የቤተሰባችሁን ስመ ክርስትና ዘርዝራ ለካህኑ የምትሰጠው እሷ ኖራለች። የመጀመሪያው መስመር ላይ የምትጽፈው የአባቷ ስም ወልደ ገብርኤል ነው። እዚያው የቁልፍ መስቀያው ሥር ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ስልኳን አውጥታ ጋርዴና ደወለችና ልጄን «ወንድሜ» አለችው። ስለዚህ እሑድ እንዳይቸገሩ፤ ሌላ ቀጠሮ ካለዎት ይሂዱበት።

ፍሬአብ ማታ ቤቱ ገባ። ይህንን ደብዳቤ እናቱ የከበደውን ቃል እየነገረችው እስከ መጨረሻው አነበበው። ስለ ዳገቱም፣ ስለ ጠጠሩም፣ ስለ ቢሮዎም ምንም አልነካም። አንድ መስመር ብቻ በእስክሪብቶ ሠረዘ፤ እኔ እርስዎን የረገምኩባትን። የክርስትና አባት አይረገምም አለኝ። እኔ ብሆን አልሠርዛትም ነበር።